በጎማ የሚሄድ ቤት ጣራው ከምን ይሠራ?

በ1959 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አርባ አንድ ተሳቢ ቤቶችን ያስከተለ የአሜሪካውያን ቡድን ከኬፕታውን ተነስቶ ወደ ካይሮ ጉዞ ጀመረ። የቡድኑ መሪ ዋሊ ባየም ይባላል፤ ኤርስትሪም የተባለውን የተሳቢ ቤት ፋብሪካ የመሠረተው ሰው ነው። መንገዳቸው በኢትዮጵያ በኩል ያልፍ ነበርና እነዚያ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ቤቶች ጭቃውንና ኮረኮንቹን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተጓዦቹን ተቀበሏቸው። በ1960 ጉዞው ሲጠናቀቅ ተሳቢዎቹ ግብጽ ውስጥ ከፒራሚዶቹ ሥር ተሰልፈው ፎቶግራፍ ተነሡ።

የእነዚያ ቤቶች ጣራ ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነ ላሜራ ነበር፤ በሺዎች በሚቆጠር ሪቬት እየተያያዘ የተሠራ። ዛሬ ሞተርሆም የሚሠሩት አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ግን እንዲህ ያለውን አሠራር ትተዋል። አሜሪካ ውስጥ ጎማና ፕላስቲክ ገኗል፤ አውሮፓ ውስጥ ፋይበር ግላስ እየበረከተ ነው፤ የጭነት ቫን ገዝቶ ራሱ ቤት የሚያደርግ ሰው ደግሞ ከፋብሪካ በመጣው የብረት ጣራ ይኖራል። ሞተርሆም ሊገዛ ወይም ሊያድስ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት የሚቀድሙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ጣራው ስንት ቁራጭ ነው? ስንት ቦታ ተበስቷል? ከሥሩስ ምን አለ?

ሞተርሆም ማለት ሞተሩም መኖሪያውም በአንድ ሻንሲ ላይ ያለ፣ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ የተሟላለት መኪና ነው። ጣራው ከተራ ቤት ጣራ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የቆርቆሮ ቤት ጣራ ያዘነበለ ስለሆነ ዝናቡ ወዲያው ወደ አሸንዳው ይወርዳል። የሞተርሆም ጣራ ግን ቁመቱ ከድልድይ ሥር ማለፍ ስላለበት ጠፍጣፋ ለመሆን ትንሽ ይቀረዋል፤ ውኃ ይተኛበታል። በዚያ ላይ ቤቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ይነቀነቃል፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይጣመማል። ጣራውም ተበሳስቷል፦ ለቬንትሌተር፣ ለኤሲ፣ ለመጸዳጃው የሽታ ማውጫ፣ ለብርሃን መስኮት፣ ለአንቴና፣ አሁን አሁን ደግሞ ለሶላር ፓኔል።

ሙቀቱም አለ። አብዛኛው ቁስ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ መጠኑ ግን ይለያያል። ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ጣራ በክረምት ሌሊትና በበጋ ቀትር መካከል የ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ቢያይ ወደ 11 ሚሊሜትር ይረዝማል። ብረት በዚያው ልዩነት ወደ 6 ሚሊሜትር ብቻ ይረዝማል፤ እንጨት ደግሞ በቁመቱ ከዚያም ያነሰ። አሉሚኒየሙ ከእንጨት ጋር በቪቴ ከታሰረ እንግዲህ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራል። በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ በየቀኑ ይሳባል፣ ይጨመቃል፤ ዓመታት ሲቆጠሩም ይሰነጠቃል። ጣራ ከመሐሉ ማፍሰስ የሚጀምረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የሚያፈሰው ከመገጣጠሚያው፣ ከጠርዙና ከተበሳው ቦታ ነው።

ይህን ይዞ ወደ ኤልክሃርት መሄድ ይጠቅማል። ኤልክሃርት በኢንዲያና ግዛት የምትገኝ ከተማ ስትሆን የአሜሪካ ተንቀሳቃሽ ቤቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት እሷና አካባቢዋ ውስጥ ነው፤ የኢንዱስትሪው ሙዚየምም እዚያው አለ። በእነዚህ ፋብሪካዎች በብዛት የሚሠራው ጣራ አሠራሩ ቀላል ነው። ከእንጨት ወይም ከአሉሚኒየም በተሠራ አጥንት ላይ ኮምፔንሳቶ ወይም ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ ሰሌዳ ይነጠፋል። በላዩ ኮላ ይቀባና ከጥቅል የሚተረተር ሰፊ ጎማ ይለጠፍበታል። ጥቅሉ የመኪናውን ሙሉ ወርድ ስለሚሸፍን ከፊት እስከ ኋላ መሐል ላይ መገጣጠሚያ የለውም። ጠርዙ በአሉሚኒየም ዘንግ ይያዛል፤ የተበሱት ቦታዎች ዙሪያቸው በወፍራም ማሸጊያ ይታሸጋሉ።

ጎማው ኢፒዲኤም ይባላል። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለገበያ የቀረበ ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን ከመኪና በፊት በትልልቅ ሕንጻዎች ጠፍጣፋ ጣራ ላይ ተፈትኗል። ትልቁ ጥቅሙ መለጠጡ ነው። ከሥሩ ያለው እንጨት ቢነቃነቅ አብሮ ይለጠጣል፤ ብርድም አያደርቀውም። በረዶ ቢወርድበት ሥሩ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ አይጎደጉድም፤ የዝናቡንም ድምፅ ያለሰልሰዋል። ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ ፋብሪካዎቹን የሳባቸው በዋናነት ይኸው ነው።

ድካሙ ደግሞ ከላዩ ይጀምራል። ኢፒዲኤም አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው፤ ከፀሐይ የሚጠብቀው የካርቦን ጥላሸት ስላለበት። ለሞተርሆም የሚሠራው ግን ሙቀት እንዳይስብ ላዩ ነጭ ይደረጋል። ይህ ነጭ ፊት በፀሐይ ብዛት ቀስ እያለ ዱቄት ይሆናል፤ ዝናብ ሲመጣ ዱቄቱ እየታጠበ በመኪናው ጎን ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል። ባለቤቶች ይህን ሲያዩ ጣራው ያለቀ መስሏቸው ይደነግጣሉ። በእርግጥ አላለቀም፤ በሣሙና እየታጠበ ብዙ ዓመት ያገለግላል። አጣጣቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ቀለም ማቅጠኛም ሆነ የመኪና ጎማ ማብሪያ ቅባት ከነካው ያብጣል፣ ከኮላውም ይላቀቃል። የዛፍ ቅርንጫፍም ጠላቱ ነው። ጥላ ፍለጋ ከዛፍ ሥር የቆመ መኪና ሲወጣ አንዲት ሹል ቅርንጫፍ ጎማውን እንደ ምላጭ ልትከፍተው ትችላለች። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነና በጊዜው ከተገኘ በጠጋኝ ጎማ ይደፈናል። በጊዜው ካልተገኘ ውኃው ወደ ኮምፔንሳቶው ይገባል፤ ከላይ ደግሞ ጎማው ስለሸፈነው አይደርቅም።

ከኢፒዲኤም አጠገብ ቲፒኦ የሚባል ሌላ ሽፋን አለ። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋ ፕላስቲክ ነው፤ ከጎማው ይልቅ ፀሐይን ይመልሳል፣ ዱቄቱም ያንሳል። በላስ ቬጋስ ወይም በዳላስ የሚኖር የአገራችን ሰው በሐምሌ የሚያውቀውን ሙቀት ላየ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአንጻሩ የመለጠጥ ችሎታው ከጎማው ያነሰ ነው፤ ኮላም በቀላሉ አይይዘውም። ስለዚህ ለኢፒዲኤም የተሠራ ጠጋኝ ቲፒኦ ላይ ቢለጠፍ መላቀቁ አይቀርም። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ጣራው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካላወቀ ከቬንትሌተሩ ክዳን ሥር የተቆረጠውን ጠርዝ ገልጦ ይመልከት፤ ጀርባው ጥቁር ጎማ ከሆነ ኢፒዲኤም ነው። ሦስተኛው ዓይነት፣ ፒቪሲ፣ በሞተርሆም ላይ ከሁለቱ ያነሰ ቢታይም እየተጨመረ ነው።

አሉሚኒየም ከዚህ ሁሉ የሚበልጥበት ነገር ዕድሜው ነው። አይዝግም፤ ፀሐይ ዱቄት አያደርገውም፤ ሽማግሌ ኤርስትሪሞች አሜሪካ ውስጥ ዛሬም መንገድ ላይ ይታያሉ። ባየም ሥራውን የጀመረው በ1931 ነው። አካሉ ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የሆነው ክሊፐር የተባለው ሞዴል በ1936 ወጣ። ንድፉ የመጣው ከሃውሊ ቦለስ ሲሆን ቦለስ ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ብቻውን ያቋረጠበት አውሮፕላን ሲሠራ የፋብሪካው ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ጣራው እንደ አውሮፕላን ክብ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ክቡ ውኃ አያስተኛም፣ ነፋስም አይይዝም። አፖሎ 11 በ1969 ከጨረቃ ሲመለስ ጠፈርተኞቹ በሽታ ይዘው እንዳይሆን ተብሎ ተለይተው የቆዩበት ቤትም ከኤርስትሪም ተሳቢ የተሠራ ነበር።

ርካሹ የአሉሚኒየም ጣራ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1970ዎቹና ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ ርካሽ ተሳቢዎች ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ጠፍጣፋ ሆኖ በእንጨት አጥንት ላይ ተወጥሮ ጠርዙ በሚስማር ተመቷል። ከላይ የተቆጠረው የ11 ሚሊሜትር መሳሳብ የሚያጠቃው እነዚህን ነው። ጠርዙ ይላላል፣ ውኃው ይገባል፣ አሉሚኒየሙ ምንም ሳይሆን እንጨቱ ሥር ለሥር ይበሰብሳል። አንድ ቁስ በሁለት አሠራር ሁለት የተለያየ ዕድል ገጠመው፤ ከቁሱ ይልቅ አሠራሩ እንደሚወስን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በረዶም አሉሚኒየምን ያስቸግረዋል። ጁላይ 12 ቀን 1984 በጀርመኗ ሙኒክ ላይ እስከ 9 ሴንቲሜትር ተኩል የሚደርስ በረዶ ወርዶ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ መኪኖችን ጎዳ። እንዲህ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ዋልነት የሚያህል በረዶ ግን በደቡብ ጀርመንና በሰሜን ጣሊያን በየበጋው ይጠበቃል። ቀጭን የአሉሚኒየም ጣራ በዚህ ይጎደጉዳል። ብዙ ጊዜ አያፈስም፤ ግን ጉድጓዱ አይመለስም፣ የመኪናው ዋጋም ይወድቃል። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ፋይበር ግላስ ጣራቸውን በማስታወቂያ ላይ «በረዶ የሚቋቋም» እያሉ የሚያሞግሱት ለዚህ ነው።

ፋይበር ግላስ የመስታወት ክር በሬዚን ተነክሮ ሲደርቅ የሚገኝ ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ላዩን ጄልኮት የተባለ አንጸባራቂ ቅብ ይሸፍነዋል። ጠንካራ ነው፤ በረዶ ያነጥራል፤ ቅርንጫፍ ቢፍቀው ይቧጨራል እንጂ አይከፈትም። የሙቀት መሳሳቡ ከአሉሚኒየም ብዙ አይርቅም፤ ነገር ግን በአንድ ቁራጭ መሥራት ስለሚቻል የሚሳሳበው መገጣጠሚያ ቁጥሩ ይቀንሳል። በ1958 በአዮዋ ግዛት ፎረስት ሲቲ ላይ የተቋቋመውና በ1966 ሞተርሆም መሥራት የጀመረው ዊኒቤጎ ኋላ ላይ በአንድ ቁራጭ የፋይበር ግላስ ጣራው ስም አውጥቷል። የጣራው መሐል ከፍ ብሎ ግራና ቀኙ ወደ ጎን ይወርዳል፤ ውኃው የሚተኛበት ቦታ አያገኝም።

ሐሳቡን እስከ መጨረሻው የወሰዱት ግን ካናዳውያን ናቸው። በ1968 ዊኒፔግ ውስጥ ቦለር የምትባል ትንሽ ተሳቢ ወጣች፤ ግማሽ ቶን እንኳ አትሞላም። ከፈጣሪዎቿ አንዱ ሬይ ኦሌኮ ከዚያ በፊት ከፋይበር ግላስ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ታንከር ሠርቶ ነበር። ውኃ የማያሳልፍ ታንከር መሥራት ከተቻለ ውኃ የማያስገባ ቤትም ይቻላል ማለት ነው። የቦለር አካል ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው፤ የሚገናኙት ወገቧ ላይ ነው። ጣራዋ ላይ ከአየር ማውጫው በቀር መገጣጠሚያ የለም። በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ጣራዎች ሁሉ የተሻለው አሠራር ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ለትልቅ ሞተርሆም እንዲህ ያለ ቅርጽ ማውጫ መሥራት በጣም ውድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ፋይበር ግላስ ሲባሉ ብዙ ጊዜ ጣራውና ግድግዳው ለየብቻ ተሠርተው ጠርዝ ላይ የተገናኙ ናቸው፤ ጠርዙም ክትትል ይፈልጋል።

ፋይበር ግላስ ተንከባካቢ ይፈልጋል። ጄልኮቱ ፀሐይ ሲጠናበት ይደበዝዛል፤ በዓመት አንድ ሁለቴ ሰም ካልተቀባ ዱቄት ይሆናል፣ በመጨረሻም የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ሲሰበር ግን በሬዚንና በመስታወት ክር ስለሚጠገን በጀልባ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደው ሙያ ይበቃዋል።

የብረት ጣራ ያለው ቫን ጉዳይ አጭር ነው። የፊያት ዱካቶ፣ የመርሴዲስ ስፕሪንተርና የፎርድ ትራንዚት ጣራ ቀለም የተቀባ ላሜራ ነው፤ በፋብሪካ ተበይዶ ስለሚመጣ መገጣጠሚያው አይፈታም። የሚጎዳው ባለቤቱ ቬንትሌተር ለማስገባት በመጋዝ ሲቆርጠው ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ጸረ-ዝገት ቀለም ካልተቀባ ዝገቱ ከማሸጊያው ሥር ይጀምራል። ባቲ ላሜራ የሚሠራ ማንኛውም ባለሙያ ይህን ይነግረዋል። ሌላው የብረት ፈተና ከውስጥ የሚመጣ ነው። የሚተኙት ሰዎች ትንፋሽና የምግቡ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነኩ ጤዛ ሆነው ወደ ኮርኒሱ ይንጠባጠባሉ። ጣራው ሳያፈስ የሚያፈስ ይመስላል።

ክብደት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ርዝመቱ 7፣ ወርዱ 2.2 ሜትር የሆነ ጣራ ወደ 15 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ0.8 ሚሊሜትር ብረት ቢሸፈን ሽፋኑ ወደ 95 ኪሎ፣ በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም ከሆነ 32 ኪሎ፣ በ2 ሚሊሜትር ፋይበር ግላስ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጎማው ከ20 ኪሎ ብዙ አይዘልም። ስለዚህ ጎማ አሸነፈ ይባላል። ሆኖም ጎማ ብቻውን አይቆምም፤ ከሥሩ 9 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ሲነጠፍለት ከ70 እስከ 80 ኪሎ ይጨመራል። ያ እንጨት ውኃ ከጠጣ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። አውሮፓ ውስጥ በተራ መንጃ ፈቃድ ሊነዳ የሚችለው ለረጅም ጊዜ እስከ 3,500 ኪሎ ብቻ ስለነበር እዚያ ያሉ ፋብሪካዎች በሁለት ቀጭን ሽፋን መካከል ፎም የተጣበቀበትን ጣራ መምረጣቸው አይገርምም። ጣራው ከእንጨት ነጻ ከሆነ የሚበሰብስ ነገር የለውም፤ ከላዩ ካለው ሽፋን ዓይነት ይልቅ ዕድሜውን የሚወስነው ይኸው ነው።

ቅዝቃዜና ሙቀት የሚመክተውም ሽፋኑ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ፎም ውፍረት ነው። ያልተቀባ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ፀሐይን ይመልሳል፤ የሞቀውን ግን መልሶ ወደ ሰማይ ለመጣል ሰነፍ ስለሆነ ቀትር ላይ ሲነካ ያቃጥላል። ነጭ ቀለም የተቀባ ጣራ ሁለቱንም ስለሚያደርግ ይሻላል።

አሁን ወደ ማሸጊያው። የጣራው ዕድሜ ያለው እዚህ ነው፤ ገንዘብ የሚቆጥበውም እዚህ ነው። ለጎማ ጣራ የሚሸጠው ማሸጊያ ሲፈስ ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ነው፤ የቪቴውን ጭንቅላት ሸፍኖ ይረጋል። ለጎን ጠርዝ የሚሆነው ግን የማይወርደው ዓይነት ነው። ተራ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን መጠቀም ብዙ ባለቤቶችን ያስከፈለ ስሕተት ነው። ሲሊኮን ሲያረጅ ይላቀቃል፤ የነበረበት ቦታም ተፍቆ ካልጸዳ ሌላ ማሸጊያ ቀርቶ አዲስ ሲሊኮን እንኳ አይይዝም። ከቬንትሌተሩ ክፈፍ ሥር የሚገባው ቡቲል የተባለው የማይደርቅ ተለጣፊ ነው። ሶላር ፓኔል በብረትና በፋይበር ግላስ ላይ ሳይበሳ በጠንካራ ማጣበቂያ ሊለጠፍ ይችላል። ጎማ ላይ ግን የፓኔሉ መያዣ የሚተማመነው ጎማውን ከእንጨቱ ጋር ባያያዘው ኮላ ላይ ስለሆነ ነፋስ ሁለቱንም አብሮ ሊነቅል ይችላል፤ እዚያ በሥሩ ባለው አጥንት ላይ በቪቴ መታሰር፣ ከዚያም በደንብ መታሸግ አለበት።

ጀርመን ውስጥ ብዙ ፋብሪካዎች ውኃ አለማስገባቱን የሚያረጋግጠው ዋስትና እንዲጸና መኪናው በየዓመቱ እንዲፈተሽ ያስገድዳሉ። ባለሙያው የእርጥበት መለኪያ ይዞ በማዕዘኖቹ፣ በመስኮቶቹና በቁምሣጥኖቹ ውስጥ ይለካል። ይህ ልማድ አሜሪካ ውስጥም ቢለመድ ብዙ ጣራ ይተርፍ ነበር። እዚያ ባለቤቱ ራሱ መሰላል ይዞ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ቢወጣ ጥሩ ነው፤ ክብደቱን ለማከፋፈል ሰፊ ሰሌዳ ላይ ተንበርክኮ፣ እያንዳንዱን የተበሳ ቦታ በዓይንም በጣትም እየፈተሸ።

ያገለገለ ሞተርሆም ሊገዛ የሚሄድ ሰው ዝናብ ከጣለ በኋላ ባለው ማግስት ቢሄድ ይመረጣል። ከውስጥ በቬንትሌተሩና በኤሲው ዙሪያ ያለውን ኮርኒስ በመዳፉ ይጫን፤ ጠንካራ ሊሆን ይገባል፤ የሚላሽቅ ከሆነ እንጨቱ ሄዷል። ከአልጋው በላይ ያሉትን ቁምሣጥኖች ከፍቶ ያሽትት፤ የሻጋታ ሽታ በቀለምና በሽቶ አይደበቅም። ውጭ ወጥቶ ግድግዳውን በሰያፍ ይመልከት፤ ያበጠ ቦታ ካለ ውኃው ከጣራው ወርዶ የግድግዳውን ኮላ ፈትቷል። ሻጩ ጣራው «በቅርቡ ታሽጓል» ካለ መቼ፣ በምን ማሸጊያ፣ በምን ምክንያት እንደታሸገ ይጠይቀው።